የዳሽቦርዷ ቢጫ መብራት፦ ማን ያንብባት?

ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው፣ የሞተር ምስል ያለባት ቢጫ መብራት ለሾፌር ተብላ የተሠራች የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለችም። የወለዳት የሎስ አንጀለስ ጭስ፣ ያሳደጋት ሕግ ነው። ታሪኳን ማወቅ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ገንዘብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከካምቢዮ እንጀምር። ጀነራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል አቀረበ። ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ካምቢዮ ታንክ ላይ ተገጠመ። ማርሽ የሚቀይረው የዘይት ግፊት ስለነበር ምርመራውም በዘይቱ ነበር፤ መካኒኩ መጠኑን ይለካል፣ ቀለሙን ያያል፣ ያሸተዋል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ እየተበላ ነው። ማርሽ ሲገባ መዘግየት፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አለመሄድ፣ ማርሽ ሲቀየር መምታት፦ ምልክቶቹ ያኔም ዛሬም እነዚሁ ናቸው።

የማስጠንቀቂያ መብራትም ያኔ ነበረ። በ1930ዎቹ የአሜሪካው ሃድሰን የዘይትና የዲናሞ ጌጁን አንስቶ በመብራት ተካ። አሜሪካውያን «የቂል መብራት» ብለው ቀለዱባት፤ ጌጅ በሽታው ሲጀምር ያሳያል፣ መብራቷ ግን ካለቀ በኋላ ትበራለች ብለው።

ነገሩን የለወጠው ጭስ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃገን ስሚት የተባለ ኬሚስት የሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ከመኪና ጭስ ጋር አገናኘው። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ጥራት ቦርድ አቋቋመች። ጭስ ለመቀነስ ሞተር ላይ ኮምፒውተር ተገጠመ። ከ1988 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ መኪናው ራሱን እንዲመረምርና ብልሽቱን በመብራት እንዲናገር አስገደደች። ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ሶኬትና የራሱ ኮድ ነበረው። በ1996 ግን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር ሶኬትና የጋራ ኮድ እንዲኖረው ሆነ። የሰፈር መካኒክ ከፋብሪካው ወኪል እኩል ማንበብ የቻለው ያን ጊዜ ነው።

ማንበብ ግን መረዳት አይደለም። ፒ0700 የሚለውን ኮድ እንውሰድ። ትርጉሙ «የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ችግር መዝግቧል፣ እሱን ጠይቁ» ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ይህን አይቶ «ካምቢዮው ይቀየር» የሚል ሰው ፖስታውን እንጂ ደብዳቤውን አላነበበም። ደብዳቤው የሚቀጥለው ኮድ ነው፦ ፒ0218 ከሆነ ዘይቱ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ፒ0730 ከሆነ ማርሹ የሚጠበቅበትን ፍጥነት አልሰጠም። ምክንያቱ የዘይት ማነስ፣ የተበላሸ ሴንሰር ወይም የተበጠሰ ሽቦም ሊሆን ይችላል። በእነዚህና በካምቢዮ ቅየራ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የከፈለ ያውቀዋል።

ሌላው የሽያጭ ቀን ተንኮል ነው። ኮድን ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው፤ መብራቷ ትጠፋለች፣ በሽታው ይቀራል። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፦ ኮድ ሲጠፋ መኪናው ያደረጋቸው የራስ ምርመራዎችም አብረው ይሰረዛሉ፣ እንደገና እስኪነዳ ድረስም «አልተጠናቀቀም» ብሎ ያሳያል። ካሊፎርኒያ በጭስ ምርመራዋ እንዲህ ያለውን መኪና አታሳልፍም። እኛም ስንገዛ «መብራት የለውም» በሚል ቃል አንርካ፤ ምርመራዎቹ ተጠናቀዋል ወይ ብለን እናስነብብ። ዓመታዊ ምርመራችንም ይህን ቢጠይቅ ብዙ ገዢ ከኪሳራ ይድናል።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተቀይሯል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዷል። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ የለውም፤ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፦ የ1996ቱ ግዴታ የጭስ ሕግ ነው፣ ጭስ የሌለውን መኪና አያስገድድም። ካሊፎርኒያ ይህን አይታ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የባትሪው ጤንነት ለባለቤቱ እንዲነበብ ደነገገች። የማሳቹሴትስ ሕዝብም በ2012 እና በ2020 ድምፅ ሰጥቶ የመኪናው መረጃ ለባለቤቱና ለመረጠው ጋራዥ ይከፈት ብሏል።

እኛ መኪናውን አስገድደን ስናስገባ ቁልፉንስ ጠይቀናል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን ማንበብ የሚችለው ሻጩ ብቻ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን በጠራው ዋጋ እንገዛለን።