ሁለት ጊዜ መርዶ የተነገረለት ሰው

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ አበው። የሰውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ ይህን ምክር ቢሰንቅ አይጎዳም። ታሪኩ የሚጻፍለት ሰው ፖለቲከኛ ሲሆንማ ምክሩ ግዴታ ይሆናል። ፖለቲከኛ በሕይወት ሳለ ወዳጁም ጠላቱም ስለ እርሱ የሚያወሩት ለየጉዳያቸው እንዲመች አድርገው ነው። ከሞተ በኋላም ሐውልት የሚያቆሙለትና ስሙን የሚያጎድፉት በየፊናቸው ታሪኩን ይቀጥሉታል፣ ይቆርጡታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ህንዳዊው የነጻነት ታጋይ ሱባስ ቻንድራ ቦስ ነው። የተወለደበትን ቀን የሚከራከርበት የለም። የሞተበትን ቀን ግን የህንድ መንግሥት ሦስት ጊዜ መርማሪ አቋቁሞለት፣ ሦስተኛው መርማሪ የፊተኞቹን ሁለት ውሳኔ አፍርሶታል። ለመሆኑ በአደባባይ የኖረ ሰው አሟሟት እንዴት እንዲህ ይሰወራል? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስብና ነገሩን ከመነሻው እንመልከት።

የቦስ ሕይወት የመጀመሪያው ክፍል ለተመራማሪ አያስቸግርም። በጃንዋሪ 23 ቀን 1897 በከታክ ከተማ ከአንድ የሕግ ጠበቃ ቤት ተወለደ። በ1916 በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ መምህር በተማሪዎች ሲደበደብ እጁ አለበት ተብሎ ተባረረ። ወደ ካምብሪጅ ተሻግሮ በ1920 የህንድን ሲቪል ሰርቪስ ፈተና በአራተኛነት አለፈ፤ በዓመቱ ግን "ለቅኝ ገዥ አላገለግልም" ብሎ ሥራውን ለቀቀ። በ1938 የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1939 ማህተማ ጋንዲ የደገፉትን ዕጩ በ1580 ድምፅ ለ1377 አሸንፎ በድጋሚ ተመረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወንበሩን ለመልቀቅ ተገደደ። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በመልቀቂያ ደብዳቤ፣ በጉባኤ ቃለ ጉባኤና በጋዜጣ የሰፈረ ነው። ቦስ ራሱም በ1937 መጨረሻ በኦስትሪያ ሳለ የገዛ ሕይወቱን መጻፍ ጀምሮ ነበር። ትረካው ግን ሲቪል ሰርቪሱን ከለቀቀበት ዘመን አላለፈም። የቀረውን ሌሎች ተረኩለት።

ችግሩ የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1941 ነው። ቦስ በዚያን ጊዜ በካልካታ በቤተሰቡ ቤት በፖሊስ እየተጠበቀ የቁም እስረኛ ነበር። አንድ ሌሊት ጢሙን አሳድጎ፣ መሐመድ ዚያውዲን የሚባል የመድን ድርጅት ወኪል መስሎ፣ የወንድሙ ልጅ በሚነዳው መኪና ከከተማዋ ወጣ። ከፔሻዋር ወደ ካቡል ሲሻገር የአካባቢውን ቋንቋ ስለማይችል መስማትና መናገር የተሳነው ሰው ሆኖ አለፈ። ከካቡል በሞስኮ በኩል በርሊን የገባው ደግሞ ኦርላንዶ ማዞታ በሚል ስም በተዘጋጀ የኢጣሊያ ፓስፖርት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ፓስፖርቱ ከኢጣሊያ መንግሥት እጅ የወጣ እውነተኛ ሰነድ ነው፤ በላዩ ያለው ስም ግን ሐሰት ነው። ያንን ወረቀት ብቻ ይዞ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በ1941 አንድ ኢጣሊያዊ ከካቡል ወደ በርሊን ተጓዘ ብሎ ያርፋል። ወረቀት ስለተገኘ ብቻ ነገር እውነት አይሆንም፤ ወረቀቱን ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደጻፈው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የትዳሩ ታሪክም እንዲሁ በምሥጢር የተያዘ ነበር። ጸሐፊው የነበረችው ኦስትሪያዊቷ ኤሚሊ ሼንክል በኖቬምበር 1942 አኒታ የምትባል ሴት ልጅ ወለደችለት። ቦስ በፌብሩዋሪ 1943 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ወደ እስያ ጉዞ ሲጀምር፣ ለወንድሙ ለሳራት ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ የሚገልጽ ደብዳቤ በቤንጋሊ ቋንቋ ጽፎ ተወ። ሳራት በ1948 ቪየና ድረስ ሄደው እናትና ልጅን አዩ። ደብዳቤው፣ የወንድሙ ምስክርነትና የሴቶቹ ቃል እርስ በርስ ስለገጠሙ ሐሜት የነበረው ነገር ታሪክ ሆነ።

አሁን ወደ መርዶው እንምጣ። የመጀመሪያው መርዶ የተነገረው በማርች 1942 ነው። ቦስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ የሚል ዜና ከእንግሊዞች በኩል ተሠራጨ። ጋንዲም ለቦስ እናት የኀዘን ቴሌግራም ላኩ። ሟች የተባለው ሰው ግን ከጀርመን በራዲዮ ቀርቦ ድምፁን አሰማ። ቤተሰቡ እንባውን አበሰ፤ ሕዝቡም አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ስለ ቦስ ሞት እንግሊዝ የሚያወራውን አትመኑ የሚል።

ሁለተኛው መርዶ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቦስ ከጃፓን ጎን ተሰልፎ የህንድ ብሔራዊ ጦርን መርቷል፤ በኦክቶበር 1943 በሲንጋፖር ጊዜያዊ መንግሥት አውጇል። ጃፓን በኦገስት 1945 እጅ ስትሰጥ ወደ ማንቹሪያ፣ ከዚያም ወደ ሶቪየቶች ለመሻገር አስቦ ከሳይጎን በጃፓን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተሳፈረ። ከባልደረቦቹ መቀመጫ ያገኘው ኮሎኔል ሀቢቡር ራህማን ብቻ ነበር። ኦገስት 18 ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 12 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኑ ታይሆኩ ከሚባለው የታይዋን አየር ማረፊያ እንደተነሣ ወድቆ ተቃጠለ። የጃፓኑ ጄኔራል ሺዴይ ሞቱ። ቦስ በነዳጅ ርሶ ስለነበር ሰውነቱ ክፉኛ ተቃጥሎ በዚያው ምሽት በወታደራዊ ሆስፒታል ሕይወቱ አለፈች። አስከሬኑ እዚያው ተቃጥሎ አመዱ ቶኪዮ በሚገኘው የሬንኮጂ ቤተ መቅደስ ተቀመጠ። ይህን የሚሉት በቦታው የነበሩ ናቸው።

በህንድ ግን ብዙዎች አላመኑም። ጋንዲ ራሳቸው ቦስ በሕይወት አለ የሚል ስሜት እንዳላቸው ተናግረው ነበር። በ1946 ከሀቢቡር ራህማን ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ግን ያንን ቃላቸውን ሰዎች እንዲረሱትና የቀረበውን ማስረጃ እንዲቀበሉ ጠየቁ። በመጀመሪያው መርዶ ተታለው ቴሌግራም የላኩት ሰው፣ በሁለተኛው ተጠራጥረው፣ በመጨረሻ በዓይን ምስክር ተረቱ።

ከማንም በፊት ነገሩን ለማጣራት የሮጡት ግን እንግሊዞች ነበሩ። ቦስን በሕይወት ካገኙት ለመያዝ በሴፕቴምበር 1945 የፖሊስ መኮንኖችን ወደ ባንኮክና ሳይጎን ላኩ። በ1946ም ቶኪዮ የነበረ የስለላ መኮንናቸው ምስክሮችን አነጋግሮ ቦስ በታይሆኩ ሆስፒታል መሞቱን አስታወቀ። የአሳዳጅ ምስክርነት እዚህ ላይ ክብደት አለው። ጠላቱ አምልጦ ከሆነ ሞቷል ብሎ ራሱን ማታለል ምን ይጠቅመዋል?

ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያውን ምርመራ በ1956 የመሩት የቦስ የጦር መኮንን የነበሩት ሻህ ናዋዝ ካን ናቸው። 67 ምስክሮች ተሰምተው ሞቱ ተረጋገጠ፤ የኮሚቴው አባል የነበሩት የቦስ ታላቅ ወንድም ሱሬሽ ግን የተቃውሞ ጽሑፍ ለብቻቸው አወጡ። በ1970 የተሾሙት ዳኛ ኮስላም በ1974 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጡ። በ1999 የተሾሙት ዳኛ ሙከርጂ ግን በ2005 ባቀረቡት ሪፖርት፣ ቦስ ሞቷል፣ የሞተው ግን በዚያ አደጋ አይደለም፣ የሬንኮጂው አመድም የእርሱ አይደለም አሉ። ታዲያ የትና እንዴት ሞተ? ለዚህ መልስ አልሰጡም። መንግሥትም በ2006 ሪፖርቱን አልቀበልም አለ።

ዳኛ ሙከርጂ ከተመረኮዙባቸው ነገሮች አንዱ በዚያ ሰሞን አውሮፕላን የወደቀበት መዝገብ የለም የሚለው የታይዋን ባለሥልጣናት መልስ ነው። ሲሰሙት ነገሩን የሚቆርጥ ይመስላል። ነገር ግን ታይዋን ከ1895 እስከ 1945 በጃፓን እጅ ነበረች፤ የቻይና ሹማምንት ደሴቲቱን የተረከቡት አደጋው ከደረሰ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የተሸነፈ የጃፓን ጦር ስለ ራሱ አውሮፕላን የያዘው መዝገብ በኋላ በመጣ መንግሥት መዝገብ ቤት ባይገኝ ምን ይደንቃል? የመዝገብ አለመገኘትና የነገሩ አለመፈጸም አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር የአስከሬን ማቃጠያ ፈቃዱ ነው። ታይፔ የተገኘው ወረቀት የተጻፈው በቦስ ስም ሳይሆን በልብ ድካም ሞተ በተባለ ኢቺሮ ኦኩራ በሚባል የጃፓን ወታደር ስም ነው። ዳኛው ከዚህ ተነሥተው አመዱ የኦኩራ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ጃፓኖች ምሥጢር ለመጠበቅ ስም ለውጠው ይሆናል ይላሉ። እዚህ ላይ የኦርላንዶ ማዞታን ፓስፖርት ማስታወስ ይበጃል። ወረቀቱ ብቻውን ለአንዱም ወገን አይፈርድም፤ ከምስክሮቹ ቃል ጋር መመዘን አለበት።

የምስክሮቹስ ቃል? እርግጥ ነው ይለያያል። የሞተበት ሰዓት እንደ ተናጋሪው ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይዘዋወራል። ዋናው ነገር ላይ ግን ይገጥማሉ። ህንዳዊው ሀቢቡር ራህማን፣ ከአደጋው የተረፉት የጃፓን መኮንኖችና ቦስን ያከመው ወታደራዊ ሐኪም ዮሺሚ ሁሉም አውሮፕላኑ ወደቀ፣ ቦስ ተቃጠለ፣ በሆስፒታል ሞተ ይላሉ። ሐኪሙ ይህን በ1946 ለእንግሊዞች፣ በ1956 ለህንዱ ኮሚቴ ተናግሯል። ተማክረው የሚዋሹ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አስቀድመው የሚስማሙት በሰዓቱ ላይ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው "አይቼዋለሁ" ባይ ወሬ ነው። ከሁሉ የገነነው በፋይዛባድ ከተማ በ1985 ስለሞቱት፣ ጉምናሚ ባባ ስለሚባሉ ስማቸው ያልታወቀ መናኝ የሚነገረው ነው። በዕቃቸው ውስጥ የቦስ ቤተሰብ ፎቶግራፎች ስለተገኙ መናኙ ራሱ ቦስ ነው ተባለ። ከጥርሳቸው የተደረገው የዘር ምርመራ ግን ከቦስ ቤተሰብ ጋር አልገጠመም። በ2019 ይፋ የሆነው የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ምርመራም መናኙ የቦስ ተከታይ እንጂ ቦስ አልነበሩም አለ።

ይሁን እንጂ ተጠራጣሪዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የመጀመሪያው መርዶ ሐሰት ነበር። ሟቹ በሕይወቱ ስሙን እየለወጠ ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። በዚህ ላይ መንግሥት ሰነዶቹን ለአሥርተ ዓመታት ቆልፎ አስቀመጠ። የምዕራብ ቤንጋል ክፍለ ግዛት 64 ፋይሎችን የከፈተው በ2015፣ ማዕከላዊው መንግሥት የመጀመሪያዎቹን 100 ፋይሎች የለቀቀው በ2016 ነው። በዚያው በ2016 ጃፓን በ1956 ያዘጋጀችው የምርመራ ሪፖርት ለሕዝብ ወጣ፤ እርሱም ቦስ በአደጋው መሞቱን ይናገራል። የተቆለፈ መዝገብ ወሬ ያበቅላል፤ ሲከፈት ከወሬው ብዙው ይረግፋል፣ ሥር የሰደደው ግን ይቀራል።

የማስረጃው ሚዛን ወደ ታይሆኩ እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ይህን ማለት ጀግናውን ማሳነስ አይደለም። የሰውን ሞት መካድ ለክብሩ የሚደረግ ቢመስልም፣ የመጨረሻ ጉዞውን ከሕይወቱ ላይ መንጠቅ ነው። ጦርነቱ ተሸንፎ ሳለ ሌላ አጋር ፍለጋ የተነሣው ቦስ፣ ለአርባ ዓመት ከሕዝቡ ተደብቆ ኖረ ከሚባለው መናኝ ይልቅ እስከዚያች ቀን ድረስ ሲያደርግ የኖረውን ይመስላል።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል የምትረሳ አንዲት ሰው አለች። አኒታ አባቷ ሞተ ሲባል ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። በኦገስት 2022፣ በ79 ዓመታቸው፣ አመዱ በዘር ምርመራ እንዲጣራና ወደ ህንድ እንዲመለስ በድጋሚ ጠየቁ። ለፖለቲከኞች ጉዳዩ የምርጫ ሰሞን መፈክር፣ ለጸሐፊዎች የመጽሐፍ ገበያ ሊሆን ይችላል። ለእርሳቸው ግን አባት መቅበር ነው።