ከኬላ እስከ ቦሌ፦ ማን ቶሎ ያልፋል?

አክስቴ ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን መጥታ ሆለታ ሦስት ሳምንት ቆየች። ልትመለስ ዋዜማው ላይ እናቴ ቋንጣ በላስቲክ ጠቅልላ ስታመጣላት አክስቴ ደንግጣ ተነሳች።

«ኧረ አልወስድም! ግሎባል ኢንትሪዬን ያስነጥቁኛል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ ወደኔ ዞራ። ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት ነገር ሁሉ የኔ ጥያቄ ነው።

ብዙ አሰብኩና ያገኘሁት ቃል አንድ ብቻ ሆነ፦ ኬላ። «የአሜሪካ ኬላ አለ አይደል? እሷን አስቀድመው ስላጣሯት ሳትሰለፍ ታልፋለች። ሥጋ ደብቃ ከተያዘች ግን መብቷን ይቀሟታል።»

እናቴ ወዲያው ገባት። ኬላን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። በደርግ ጊዜ ልጅ ሆና አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ጤፍ ሲላክ፣ ከረጢቱ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላ ታለብስ ነበር። ፈታሹ ሲመጣ የተኛች መምሰል የሷ ሥራ ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። መንገድ ላይ ሰው የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ ሳይቆም የሚያልፍ ሰውም አለ። ማን ነው እሱ? ለምንስ አለፈ?

ከድሮው እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከምጽዋ በጎንደር አድርጎ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም አባይን ተሻግሮ እናርያ ሳቃ ድረስ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ፣ በየወንዙና በየበሩ ኬላ ይጠብቀው ነበር። እያንዳንዱ ገዢ የራሱ ቀራጭ አለው። አንዱ አሞሌ ይወስዳል፣ ሌላው ከጨርቁ ይቀዳል። የተጻፈ ታሪፍ ስላልነበረ ክፍያው በክርክር ነው የሚያልቀው፤ ክርክሩ ደግሞ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

እዚህ ጋ ነው ቶሎ አላፊው የሚመጣው። የንጉሥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የያዘ ሰው አይፈተሽም። ነጋድራሱ የሚያውቀው ነጋዴም ነገሩ ቶሎ ያልቅለታል። ሌላም መንገድ ነበር፦ ባልደረባ። ዛሬ ባልደረባ ስንል የሥራ ጓደኛ ማለታችን ነው። በድሮው ቤተ መንግሥት ግን ባልደረባ ማለት እንግዳውን ወይም ባለጉዳዩን ከጌታው ጋር የሚያገናኝ፣ ስለሱ የሚናገርለት ሹም ነበር። ባልደረባ ያለው ሰው በር ላይ አይቀርም፤ የሌለው ደጅ ይጠናል።

ምኒልክ ዙፋን ላይ ባሉበት ጊዜ መንገዱ ራሱ መለወጥ ጀመረ። የአዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ስለነበር፣ በኛ በሆለታ በኩል የሚያልፈው መንገድ የተሠራው ያኔ ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ዕቃው በሐዲድ ሲመጣ ቀረጡም ወደ ሐዲዱ ሄደ። በባቡሩ መስመርና በድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ከሠሩት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ስለ አገር ሀብት የጻፉት ሰው ጠረጴዛቸው ጉምሩክ ውስጥ መሆኑ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ከወረፋው በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም።

ወደ እናቴ ጤፍ ስንመለስ፣ የደርግ ኬላ ዓላማው ቀረጥ አልነበረም። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስገባል፤ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር ኬላው ይጠብቃል። ሰውም ቢሆን ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ የእህሉ ቁጥጥር ተነሳ። «አንድ ቀን ስንሄድ የሚያስወርደን ጠፋ» ትላለች እናቴ። ልዩ ወረቀት የተሰጠው ሰው አልነበረም። ወረፋው ራሱ ነው የቀረው።

አሁን ወደ አክስቴ። የአሜሪካ መንግሥት ግሎባል ኢንትሪን በሙከራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በሦስት ኤርፖርቶች ሲሆን፣ አንዱ የኛ ሰው በደንብ የሚያውቀው ደለስ ነው። አመልካቹ 120 ዶላር ይከፍላል፣ ታሪኩ ይጣራል፣ አሻራ ሰጥቶ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ ካለፈ ለአምስት ዓመት ያገለግለዋል። ይሄ ወደ አሜሪካ ሲገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው ፕሪቼክ ደግሞ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት ላለው ፍተሻ ነው፦ ጫማ ሳያወልቁ፣ ላፕቶፕ ከቦርሳ ሳያወጡ ማለፍ። ግሎባል ኢንትሪ ያለው ፕሪቼክንም አብሮ ያገኛል። በነፃ የሚሠራ ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባል አፕም አለ፤ ቅጹን ስልክ ላይ ሞልቶ አጠር ወዳለው ሰልፍ መሄድ ነው፣ የቅድሚያ ማጣሪያ የለውም። በዓመት አንዴ ለሚመላለስ ሰው እሱ ይበቃዋል። አክስቴ ግን በሥራ ብዙ ስለምትበር 120 ዶላሯ አይቆጫትም።

ለፕሮግራመር ነገሩ ካሽ ነው። ከባዱን ሥራ አንዴ ትሠራለህ፣ ውጤቱን ታስቀምጣለህ፣ ሰውየው በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው አትጀምርም። ያስቀመጥከው ውጤት ሐሰት ከሆነ ትሰርዘዋለህ፤ ቋንጣው የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ባልደረባም በራሱ መንገድ ካሽ ነበር። ልዩነቱ አንዱ ሰው ነው፣ ሌላው ዳታቤዝ ነው።

ለማን ነው የሚለው ግን አልተለወጠም። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው፣ እንደኔ ያለ፣ አይችልም። በኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያን በቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ እንዲገቡ ፈቀደ። ስለዚህ አክስቴ በሁለቱም አገር ቀድማ ታልፋለች። ቦሌ ስትደርስ ሻንጣዋ በራጅ ማሽን ከማለፍ ግን አልዳነም፤ ቢጫ ካርድ ለሰው እንጂ ለዕቃ አይሠራም። ጉምሩክ የጭነት ዕቃን የሚለየው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መስመር ነው፦ አረንጓዴ ይለቀቃል፣ ቢጫ ሰነዱ ይታያል፣ ቀይ ይፈተሻል።

እስካሁን ስለ ሌሎች ነው ያወራሁት። አንድ ጠዋት ግን ከሆለታ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሚኒባሳችን ቆመና ሁላችንም ወረድን። «መታወቂያ!» ተባለ። ፈታሹ ላፕቶፕ ቦርሳዬንና አንገቴ ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤት ባጅ አየና መታወቂያዬን ሳይነካ «አንተ ግባ» አለኝ። ከጎኔ የነበረው ልጅ፣ ካርቶን በገመድ አስሮ ለቀን ሥራ የመጣ፣ የሩቅ ቀበሌ መታወቂያ ነበረው። «አንተ ቆይ» ተባለ። ታክሲው ሳይጠብቀው ሄደ። እኔም አንድ ቃል ሳልናገር መስኮት ይዤ ተቀመጥኩ። ስብሰባ ነበረኝ።

ማንም አላጣራኝም። አሻራ አልሰጠሁም፣ ቃለ መጠይቅ አልተደረገልኝም። ባጄ ባልደረባ ሆነኝ፣ አበቃ። ግሎባል ኢንትሪ ቢያንስ ሕጉ የተጻፈ ነው፤ ማን እንደሚያመለክት፣ ስንት እንደሚከፍል፣ በምን እንደሚሰረዝ ይታወቃል። የኔ ማለፍ የተጻፈ ነገር የለውም። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ይህን ይፈታል የሚሉ የሥራ ጓደኞች አሉኝ። ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል። ትለፍ ወይስ ቁም የሚለውን አሁንም የሚወስነው መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ወረፋ የሚያጥርበት መንገድ ሁለት ነው፦ ጥቂቶችን ከወረፋው ማውጣት፣ ወይም ለሁሉም ማሳጠር። ሁለተኛው ሕልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካ ጫማ ማውለቅን ለሁሉም መንገደኛ አስቀረች፤ ፕሪቼክ ገንዘብ ይከፈልበት ከነበረው ነገር አንዱ ነጻ ሆነ ማለት ነው። እኛም በ1982 አይተነዋል፣ እናቴ ከከረጢቱ ላይ የተነሳች ጊዜ።

አክስቴ ደለስ ደርሳ ደወለች። እናቴ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

«ምንም አላሉሽም?»

«ምንም! ማሽኑ ፊቴን አየና እለፊ ተባልኩ።»

እናቴ ቋንጣውን እያገላበጠች ትንሽ ዝም አለች።

«እኛንም እኮ ፊታችንን አይተው ነበር የሚያስወርዱን» አለቻት።