አስፈሪው፣ አሳቂውና የሳይንሱ ልብ ወለድ በአንድ መጽሔት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ አገር ውስጥ አዲስ ረጅም ልብ ወለድ መግዛት የባለጸጋ ነገር ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ድርሰት በሦስት ጥራዝ ተከፍሎ ይታተምና ሦስቱ አንድ ላይ በ31 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሸጡ ነበር። ይህ ደግሞ ለብዙ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዙን ሙልጭ አድርጎ የሚወስድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንባቢው አይገዛም፣ ይከራያል። ቻርልስ ኤድዋርድ ሙዲ የተባለው የለንደን ነጋዴ በ1842 የጀመረው አከራይ ቤተ መጻሕፍት በዓመት አንድ ጊኒ ለከፈለ ደንበኛ አንድ አንድ ጥራዝ እያቀያየረ ያስነብብ ነበር። አንዱን ድርሰት በአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው ማከራየት ስለሚቻል ባለ ሦስት ጥራዙ አሠራር ለሙዲ ተመቸው። ሰውየው የጨዋ ቤተሰብ ደንበኞቹን የሚያስቀይም መጽሐፍ አላስገባም ባይ ነበር፤ እሱ ያላስገባው ድርሰት ደግሞ ገበያ አያገኝም። በዚህ ምክንያት የአንድ ነጋዴ ምርጫ የብዙ ሺህ ሰው ምርጫ ሆኖ ኖረ።

ይህን አሠራር የሰበረው ደራሲ ወይም ሐያሲ ሳይሆን የግብር መነሣትና ባቡር ነው። በጋዜጣ ላይ የነበረው የቴምብር ግብር በ1855፣ የወረቀት ግብር ደግሞ በ1861 ተነሣ። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለደሃው ልጅ አዳረሰ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች አድገው በየማለዳው ባቡር ወደ ሥራ የሚሄዱ ጸሐፊዎችና የሱቅ ሠራተኞች ሆኑ። ደብሊው ኤች ስሚዝ የተባለው ድርጅት በ1848 ለንደን ዩስተን ጣቢያ ላይ የመጻሕፍት መሸጫ ከከፈተ ጀምሮ የባቡር ጣቢያዎች የንባብ ገበያ ሆነው ነበር። ግማሽ ሰዓት የሚጓዝ ሰው ሦስት ጥራዝ ይዞ አይወጣም። የሚፈልገው ተሳፍሮ ጀምሮ ሳይወርድ የሚጨርሰውን ነው። ባለ ሦስት ጥራዙ ልብ ወለድም ከ1894 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ጠፋ።

ይህን ተጓዥ በደንብ ያወቀው ጆርጅ ኒውንስ ነበር። በጥር 1891 «ዘ ስትራንድ» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት በ6 ፔንስ አወጣ፤ ሌሎቹ ታዋቂ ወርኃዊ መጽሔቶች በአንድ ሽልንግ፣ ማለትም በእጥፍ ዋጋ ይሸጡ ነበር። አንባቢው ገጽ በገለጠ ቁጥር ሥዕል እንዲያገኝ ተደርጎ የተዘጋጀው የመጀመሪያው እትም 300,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ። የሥነ ጽሑፉን ክፍል ለአርባ ዓመት ያህል የመራው ኸርበርት ግሪንሃው ስሚዝ ነው። ስሙ ዛሬ እምብዛም አይነሣም፤ ሆኖም የዘመኑን ታላላቅ ደራስያን አሰልፎ ያሠራ አዘጋጅ ስለነበር ይህ መረሳት ፍትሐዊ አይደለም።

በዚያው ዓመት አርተር ኮናን ዶይል ለንደን ውስጥ የዓይን ሐኪም ቤት ከፍቶ በሽተኛ ያጣ ሰው ነበር። በትርፍ ሰዓቱ መጽሔቶችን ሲያገላብጥ አንድ ነገር ታየው። በተከታታይ የሚወጣ ረጅም ታሪክ አንድ ወር ያመለጠው አንባቢ ከዚያ በኋላ መከተሉን ይተዋል። አጫጭር ታሪኮች ደግሞ ደንበኛ አያስሩም። ሁለቱን ለማስታረቅ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ታሪክ ለብቻው የሚያልቅ እንዲሆን አሰበ። የሼርሎክ ሆልምስ አጫጭር ታሪኮች ከሐምሌ 1891 ጀምሮ በዚህ ስሌት ወጡ። ደራሲው መርማሪው ሰልችቶት በታኅሣሥ 1893 እትም ሲገድለው የአንባቢው ቁጣ አዘጋጆቹን አስደነገጠ፤ ሃያ ሺህ ሰው መጽሔቱን መግዛት አቆመ ይባላል።

የነሐሴ 1901ን እትም የገዛ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው የሄርበርት ጆርጅ ዌልስ ድርሰት ማብቂያ ነው፤ የመሬትን ስበት የሚያግድ ንጥረ ነገር የፈለሰፈ ተመራማሪና አንድ የከሰረ ነጋዴ ጨረቃ ላይ ወጥተው ከሥሯ ጉንዳን መሰል ፍጡራን ሲኖሩ የሚያገኙበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው የኮናን ዶይል የባስከርቪል ውሻ መነሻ ምዕራፍ ነበር፤ በጨለማ ረግረግ ላይ የሚያላዝን አውሬ፣ በዘር የሚወርድ እርግማንና አሟሟቱ ያልታወቀ ባላባት ያሉበት ታሪክ። የሳይንስ ልብ ወለድና የጨለማ ታሪክ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። አንባቢው «እኔ የዚህ ዓይነት ድርሰት አንባቢ ነኝ» ብሎ ራሱን አልመደበም ነበር። ለአንዱ የከፈለ ሌላውንም ያገኛል፤ ዘመኑን ከእኛ ዘመን የሚለየውም ይህ ነው።

ቀልዱም በዚሁ ገበያ ውስጥ አደገ። ጀሮም ኬ. ጀሮም ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ የባቡር ድርጅት ተቀጣሪ የሆነ፣ ቆይቶም በተዋናይነት የተንከራተተ ሰው ነበር። በ1889 ያሳተመው «ሦስት ሰዎች በጀልባ» መጀመሪያ የታሰበው ስለ ቴምዝ ወንዝ ታሪክና መልክዓ ምድር የሚናገር ቁም ነገረኛ መጽሐፍ እንዲሆን ነበር። ቀልዱ ቁም ነገሩን ዋጠው። ሐያስያን የጸሐፊውን ቋንቋ የተራ ሰው ቋንቋ ነው ብለው ናቁት፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ከገበያ ወጥቶ አያውቅም። አንዱን ትዕይንት ማየት ይበቃል። ሦስቱ ጓደኛሞች ጀልባቸው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አናናስ አግኝተው ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ መክፈቻ ግን የለም። አንዱ በሰንጢ ሲሞክር ሰንጢው ይሰበርና እጁን ይቆርጠዋል። ሌላው በመቀስ ሲታገል መቀሱ ተስፈንጥሮ ዓይኑን ሊያወጣው ይደርሳል። ሦስተኛው በጀልባው መንጠቆ ሊበሳው ሲል ተንሸራትቶ ጭቃማ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ቆርቆሮው ተጠፈጠፈ፣ ተቀጠቀጠ፣ የማይታወቅ ቅርጽ ያዘ እንጂ አልተከፈተም። በመጨረሻ ረግመው ወንዝ ውስጥ ይወረውሩታል። አንባቢውን የሚያስቀው ቆርቆሮው ሳይሆን የሦስቱ ሰዎች ክብር በየሙከራው ትንሽ ትንሽ እየወረደ መሄዱ ነው።

ከጀሮም ጋር የሚነሣው ደብሊው ደብሊው ጄኮብስ ነው። በ1863 ለንደን ውስጥ ዋፒንግ በሚባለው የወደብ ሰፈር ተወለደ፤ አባቱ የመርከብ ማራገፊያ ኃላፊ ነበር። ጄኮብስ በፖስታ ቤት የቁጠባ ባንክ በጸሐፊነት እየሠራ ማታ ማታ ስለ መርከበኞች፣ ስለ ሚስቶቻቸውና ስለ አንድ ወሬኛ የሌሊት ዘበኛ የሚያስቁ ታሪኮች ይጽፍ ነበር። በዘመኑ የታወቀው በእነዚህ ነው። ዛሬ ስሙን ያቆየው ግን በ1902 የወጣው «የጦጣው መዳፍ» የተባለ አስፈሪ አጭር ልብ ወለድ መሆኑ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከሚጫወታቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው። ታሪኩ እጥር ምጥን ያለ ነው። ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የጦጣ መዳፍ እጃቸው የገባ አዛውንት ባልና ሚስት ለሙከራ ያህል 200 ፓውንድ ይመኛሉ። በማግሥቱ አንድ ልጃቸው በሚሠራበት ፋብሪካ በማሽን ተይዞ ይሞትና ድርጅቱ ካሳ ብሎ በትክክል 200 ፓውንድ ይልካል። ከቀብሩ ቀናት በኋላ እናትየው ልጇ እንዲመለስ ባሏን አስገድዳ ታስመኘዋለች፤ በሌሊት በሩ ይንኳኳል። እናት መቀርቀሪያውን ለማንሣት ትታገላለች፣ አባት ደግሞ መዳፉን ፍለጋ መሬት ለመሬት ይዳክራል። ሦስተኛው ምኞት ምን እንደነበር ደራሲው አይናገርም። በሩ ሲከፈት ውጭ ማንም የለም።

ይህን ሊጽፍ የሚችለው ቀልድ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። መርከበኛውን አሳቂ ያደረገውና ደጁን አስፈሪ ያደረገው አንድ ሙያ ነው፤ ነገርን በጊዜው መጣል፣ ሰዎቹን በአጭር ንግግር ማሳየት፣ ዋናውን ነገር ለአንባቢው መተው። ጄኮብስ በሩ ኋላ የቆመውን ቢያሳይ ኖሮ ታሪኩ ተረስቶ በቀረ ነበር።

የሳይንሱ ልብ ወለድ መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዌልስ የቤት ሠራተኛ ልጅ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅነት የተማረረ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል የሥነ ሕይወት ሊቁ የቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ተማሪ የሆነ ወጣት ነበር። ወደ አጭር ልብ ወለድ የገባው በ1894 የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት አዘጋጅ በአንድ ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅ ታሪክ ስለጠየቀው ነው። «የጊዜ መኪና» በ1895 ወጣ። የማርስ ፍጡራን እንግሊዝን ሲወሩ የሚያሳየው «የዓለማት ጦርነት» ደግሞ በ1897 ፒርሰንስ በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1898 መጽሐፍ ሆነ። ዌልስ በጊዜው ዎኪንግ በተባለችው ከተማ ስለሚኖር በብስክሌት እየዞረ በልብ ወለዱ ውስጥ የሚያወድማቸውን ቦታዎች ይመርጥ ነበር። በመክፈቻው ምዕራፍ እንግሊዞች በታዝማኒያ ነባር ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት አንሥቶ ወራሪውን አገር በተወራሪ ቦታ ያስቀምጣል። ታሪኩ በመጽሔት በወጣበት በ1897 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 60ኛ ዓመት በሰልፍና በመድፍ ሲከበር ነበር፤ ድፍረቱ የሚገባው ይህ ሲታሰብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፍራንክ መንሲ የተባለው አሳታሚ በ1896 «አርጎሲ» የተባለውን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር በልብ ወለድ ሞልቶ ከተፈጨ እንጨት በሚሠራ ሻካራ ወረቀት ላይ ማተም ጀመረ። ዋጋው 10 ሳንቲም ነው። «ፐልፕ» የሚባሉት መጽሔቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቶሎ ይወይባል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል፤ ማንም ለልጅ ልጅ አስቀምጠዋለሁ ብሎ አይገዛውም። ኤድጋር ራይስ ቡሮውስ በብዙ ሥራ ከስሮ በመጨረሻ የእርሳስ መቅረጫ ሻጮችን ሲያሠራ እነዚህን መጽሔቶች አንብቦ እኔም እንዲህ ያለ ታሪክ መጻፍ እችላለሁ ብሎ አሰበ። በ1912 በአንድ ዓመት ውስጥ የማርስ ጀብዱውና ታርዛን በ«ኦል ስቶሪ» መጽሔት ወጡለት።

የመጽሔቶቹ ብዛት ግን ድብልቁን በተነው። በጋዜጣ መሸጫው ላይ ብዙ ሽፋን ሲደረደር ገዢው የሚፈልገውን ከሩቅ እንዲያውቅ ያስፈልጋል። በ1915 የወንጀል ምርመራ ብቻ የሚያወጣ መጽሔት መጣ፣ በ1919 የከብት ጠባቂዎችና የሽጉጥ ታሪክ፣ ቀጥሎም የፍቅር። በመጋቢት 1923 ቺካጎ ውስጥ «ዊርድ ቴልስ» አስፈሪና እንግዳ ታሪኮችን ይዞ ተነሣ። በቁሙ ብዙም ገንዘብ ያላገኘው ኤች. ፒ. ላቭክራፍት የታወቀበትን «የክቱሉ ጥሪ» በ1928 ያሳተመው እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከሄሮዶቱስ ታሪክ ስለወሰዳት የግብጽ ንግሥት በቀል የጻፈው ታሪክ እዚያው ታተመለት። ልጁ በኋላ የአሜሪካን ቴአትር ከቀየሩት አንዱ የሆነው ቴኔሲ ዊልያምስ ነው።

ከሉክሰምበርግ የተሰደደው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ሁጎ ገርንስባክ በሚያዝያ 1926 ኒው ዮርክ ላይ «አሜዚንግ ስቶሪስ»ን አወጣ። የሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚያትም የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሔት ይህ ነው። የመጀመሪያው እትም አንድም አዲስ ታሪክ አልያዘም፤ የዌልስን፣ የፈረንሳዊውን የዡል ቬርንንና የኤድጋር አለን ፖን ጨምሮ ቀድሞ የታተሙ ሥራዎችን ሰብስቦ ነበር። የጨለማው ታሪክ አባት የሚባለው ፖ አዲሱ የሳይንስ ቤት ሲመረቅ በክብር እንግድነት መጠራቱ ሁለቱ ዘሮች ምን ያህል ቅርብ እንደነበሩ ይመሰክራል። ገርንስባክ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ስለሚያትም አንባቢዎቹ እርስ በርስ መጻጻፍ፣ ቀጥሎም ማኅበር መመሥረት ጀመሩ። ብሩክሊን ውስጥ አባቱ ከረሜላና መጽሔት የሚሸጥበት ሱቅ የነበረው ደራሲው አይዛክ አዚሞቭ በልጅነቱ አባቱ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔትን «ይህ ቆሻሻ ነው» ብሎ ሲከለክለው ሽፋኑ ላይ «ሳይንስ» የሚለውን ቃል አሳይቶ አስፈቅዶ አነበበ። በ1939 የመጀመሪያ ታሪኩ የታተመው እዚያው «አሜዚንግ» ላይ ነው።

መከፋፈሉ ለደራሲው ቤት ሰጠው፤ ያለዚያ ላቭክራፍትን ማንም አያትመውም ነበር። ለአንባቢው ግን ያላሰበውን የማግኘት ዕድል አጠበበው። ሬይ ብራድበሪን የመሰለ ደራሲ በ1940ዎቹ አስፈሪ ታሪኮቹን ለ«ዊርድ ቴልስ»፣ የማርስ ታሪኮቹን ለሳይንስ መጽሔቶች እያደለ ሲልክ ኖሮ አንባቢዎቹ ሁለቱን በአንድ እጅ የተጻፉ አድርገው ለማየት መጽሐፍ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረባቸው።

መጽሔቶቹን የጎዳቸው የጦርነት ጊዜ የወረቀት እጥረት፣ ቀጥሎም ርካሹ ባለ ስስ ሽፋን መጽሐፍና ቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዙ ፔንግዊን በ1935 የመጀመሪያ አሥር መጻሕፍቱን እያንዳንዳቸውን በ6 ፔንስ፣ ማለትም በ1891ዱ «ስትራንድ» ዋጋ አቀረበ። ሽፋናቸውን በቀለም ለየ፤ ብርቱካናማው ልብ ወለድ፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክ ነው። የዛሬው የመጻሕፍት መደብር መደርደሪያም የዚህ አከፋፈል ወራሽ ነው። «ዘ ስትራንድ» በመጋቢት 1950፣ «ዊርድ ቴልስ» በመስከረም 1954 ተዘጉ፤ የኋለኛው ከዚያ በኋላ በተለያዩ እጆች ደጋግሞ ተነሥቷል።

ጀሮም በ1927፣ ኮናን ዶይል በ1930፣ ጄኮብስ በ1943፣ ዌልስ በ1946 ስላረፉ በእንግሊዝ ሕግ ደራሲው ከሞተ እስከ 70 ዓመት የሚቆየው የባለቤትነት መብት በአራቱም ላይ አብቅቷል። ሥራዎቻቸውን እዚያ ማንም በነፃ ሊያነባቸው፣ ሊተረጉማቸውና ሊያሳትማቸው ይችላል። ለጀማሪ «የጦጣው መዳፍ» በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ከእሱ ቀጥሎ የጀሮምን ቆርቆሮ ማንበብ ይመከራል።