ቀድሞ የማይሰነዘር እጅ

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ወጣ ያለ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ ግድብ ወይም ድልድይ ሳይሆን አንድ ቀበቶ ነው። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ሲቀላ እየሄድሁ ካራቴ እማር ነበር። «ማስተር» እያልን የምንጠራቸው መምህራችን ሰውነታቸው ቀጭን፣ ንግግራቸውም ጥቂት ነበር። አንድ ቀን በመናኸሪያ ውስጥ የገፈተረኝን ሰው በቡጢ መትቼ ከንፈሩን አደማሁት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ መምህሬ ምንም ሳይቈጡ ቀበቶዬን ተቀበሉኝ። ቀድሞ መምታት በካራቴ ዘንድ እንደሌለ፣ ሕጉም የእርሳቸው እንዳልሆነ ብቻ ነገሩኝ። የማን እንደሆነ እንድመረምር ያነሣሣኝ ይኸው እፍረት ነው።

ሕጉ ጊቺን ፉናኮሺ ለተማሪዎቹ ከተዋቸው 20 መመሪያዎች አንዱ ነው። ፉናኮሺ በ1868 እ.ኤ.አ. በኦኪናዋ ደሴት፣ በሹሪ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ እጅግ ደካማ ነበር። ሐኪም ለመሆን ቢመኝም፣ ቤተሰቡ የጥንቱን የጸጉር ቁንጮ መቈረጥ ስላልፈቀደ ትምህርት ቤቱ ሳይቀበለው ቀርቶ የልጆች አስተማሪ ሆነ። ማታ ማታ በመምህሩ በአንኮ አዛቶ ግቢ በደብዛዛ ፋኖስ ብርሃን ይለማመድ ነበር። አንዱን የእንቅስቃሴ ቅንብር፣ ማለትም ካታውን፣ መምህሩ በቃ እስኪለው ድረስ ለወራት ይደጋግመዋል። (በየመሥሪያ ቤታችን አንድን ንድፍ ሦስት ጊዜ መሥራት እንደ ቅጣት መቈጠሩን አንባቢ ያውቃል።)

በዚያው በኦኪናዋ ሳለ፣ ለቤተሰቡ መሠዊያ የሚቀርብ ጣፋጭ ምግብ ይዞ በሌሊት ሲጓዝ ሁለት ሌቦች መንገድ ዘጉበት። ሊጥላቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን የያዘውን ሰጥቷቸው አለፈ። መምህራኑ ይህን በሰሙ ጊዜ አመሰገኑት።

በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን ለማሳየት ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ዕድሜው ከ50 አልፎ ነበር። በዚያው ቀረ። በኦኪናዋ ተማሪዎች ማደሪያ ክፍል እየጠረገና ግቢ እየጠበቀ ያስተምር ጀመር። በኋላ «ሾቶካን» የተባለ የልምምድ ቤት ተሠራለት፤ ይህም በ1945 እ.ኤ.አ. በአየር ድብደባ ወደመ። ልጁና የሥራው ተረካቢ ጊጎ በዚያው ዓመት ሞተ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ወደ 80 ዓመት ሲጠጋ፣ እንደገና ዘራፊ ገጠመው። ዘራፊው ሊመታው ሲሰነዝር ፉናኮሺ ጎንበስ ብሎ አምልጦ ብልቱን ጨምድዶ ያዘው። ዘራፊው ለፖሊስ ተሰጠ። ሌላ ሰው ይህን እንደ ጀብዱ ባወራው ነበር፤ እርሱ ግን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ እንዳፈረበት ጻፈ። በ1957 እ.ኤ.አ. እስከሞተበት ድረስ ማስተማሩን አልተወም። በእኔ ግምት የዚህን ሰው መንገድ ርዝመት የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ሳይሆን በነዚህ በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ያለው ነገር ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ያስተማረውን እርሱ ራሱ እንኳ ገና እየተማረው ነበር።

ሕጉ ከሩቅ ቢመጣም በጋሞ ምድር ባዕድ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ጭምር ከተገደሉ በኋላ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ሊበቀሉ ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ከአባቶቹ ይልቅ ብርቱ ጡንቻ እንደነበራቸው አያጠራጥርም።

ቀበቶዬ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰልኝ። የመታሁትን ሰው ግን በመናኸሪያው ደጋግሜ ብፈልገው አላገኘሁትም።