ሽለላና ሳክስፎን

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው ሲጋልቡ፣ ከኮቴው ድምፅ በላይ የሚሰማው የሸላዩና የፎካሪው ድምፅ ነው። እኛም በቆሰበር ይህን እየሰማን ስላደግን፣ ሽለላ ከሰው ጉሮሮ በቀር ሌላ ማደሪያ ያለው አይመስለንም ነበር። አሳባችንን ያስለወጡን አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

አቶ ጌታቸው መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም ክራርና ማሲንቆ ያዙ። በዚያ ዘመን አዝማሪ በሠርግ ቤት ይፈለግ፣ በጋብቻ ግን ይሸሽ እንደ ነበረ አንባቢ አይስተውም። የመንግሥት ባንድ ይህን ነውር በመጠኑ ያቃለለ ይመስለናል፤ ደንብ ልብስና ደመወዝ ነበረውና። የባንዱም ሥራ ቢሆን የተስፋፋው ከቤት ውጭ በመጡ ሰዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም ነርሲስ ናልባንዲያን በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። አቶ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ ተቀላቀሉ፤ ክላርኔትና ሳክስፎንም ነፉ።

ሳክስፎን ራሱ ከደጅ ቆሞ የኖረ መሣሪያ ነው። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ አስመዘገበው፤ በ1857ም በፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለወታደር ሙዚቀኞች ማስተማር ጀመረ። ክፍሉ ግን በ1870 ተዘግቶ እስከ 1942 ድረስ 72 ዓመት አልተከፈተም። የታላላቁ ኦርኬስትራ ሰዎች እንደ ሰፈር ልጅ ያዩት ነበርና።

አቶ ጌታቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ሲሠሩ በዚህ መሣሪያ ሽለላን ነፉ። ሸላይ ቃሉን በልኬት አይወስንም፤ ይጎትታል፣ ይሰብራል፣ ያጉረመርማል። እርሳቸውም ይህንኑ በትንፋሽ አደረጉት፤ በመድረክም የአንበሳ ጎፈር ደፉ። ሽለላ በባዕድ ቧንቧ ተበላሸ የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ ኩባንያ የታተመውን ሸክላ ሰምተን ሳለን፣ የተበላሸውን ልናገኝ አልቻልንም።

በፖሊስ ኦርኬስትራም ብዙ ዘመን አገለገሉ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ አገር እንደገና ከታተመ በኋላ፣ የሆላንድ ሙዚቀኞች የሆኑት ዘ ኤክስ በ2004 ወደ አምስተርዳም ጠሯቸው፤ በ2006 ከእነርሱ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አሳተሙ። በዕድሜ እጅግ የሚያንሷቸው ፈረንጆች ዜማችንን ከአንድ የይፋት ሰው አፍ ተቀብለው ተጫወቱ፤ መምህርነት ማለት ለእኛ ይህ ነው። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ።

ሸክላውን ለአንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ በቆሰበር አሰምተናቸው ነበር። ዝም ብለው አድምጠው ሲያበቁ፣ ሰውዬው ማንን ገደልሁ እያለ እንደሚፎክር ጠየቁን።