ሀገረ ስብከት የሌለው ጳጳስ

በጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስና ከተማ አይለያዩም ነበር። ከተማ የሚባል ሥፍራ ሁሉ የራሱ ጳጳስ ነበረው፤ የጳጳሱም ሥልጣን ከተማይቱና በዙሪያዋ ያለው ገጠር እስከሚደርሱበት ድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ከደነገጓቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ አንዱ፣ አዲስ ጳጳስ ሲሾም የአውራጃው ጳጳሳት ሁሉ፣ ይህ ካልተቻለም ቢያንስ ሦስቱ ተገኝተው እጃቸውን እንዲጭኑበት ያዛል። ሌላው ደግሞ ጳጳስ ከተማውን ትቶ ወደ ሌላ እንዳይዛወር ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ411 ካርታጎ ላይ ሁለቱ የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያን ወገኖች ሲከራከሩ ከሁለቱም በኩል ከ500 በላይ ጳጳሳት ተገኝተዋል። የእስክንድርያው አትናቴዎስም በግብፅና በሊቢያ ወደ መቶ የሚጠጉ ጳጳሳት ነበሩት። ያው አትናቴዎስ ግን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ለአክሱም ሲሾም የላከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ፣ ከጥቂት ዘመናት በቀር፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ አንሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ የሄደው አገር ሁሉ በአንድ ግብፃዊ ጳጳስ እጅ ኖረ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ፍትሐ ነገሥት የኢትዮጵያ ሰዎች ከሊቃውንቶቻቸው መካከል በፈቃዳቸው ፓትርያርክ እንዳይሾሙና በእስክንድርያ መንበር ሥር እንዲኖሩ ይደነግጋል፤ ድንጋጌውንም ለሠለስቱ ምዕት፣ ማለትም ለኒቅያ አባቶች፣ ይሰጣል። ቀኖናው የኒቅያ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ምርምር አያሻም። ፍሬምናጦስ የተሾመው ከኒቅያ ጉባኤ በኋላ ነው፤ ጉባኤው በተቀመጠበት ጊዜ እገዳ የሚጣልበት የኢትዮጵያ ጳጳስ ገና አልነበረም። እውነተኛው የኒቅያ ስድስተኛ ቀኖና ደግሞ የእስክንድርያን ሥልጣን ሲዘረዝር ግብፅን፣ ሊቢያንና ፔንታፖሊስን ይጠራል እንጂ ኢትዮጵያን አያነሣም። እገዳው የመጣው 20ዎቹን ቀኖናዎች ወደ 84 ካሳደገው የዐረብኛ ስብስብ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ውስጥ የተዘጋጀው ፍትሐ ነገሥትም ከዚያው ወሰደው። የእስክንድርያ ሥጋት ምን እንደነበረ ከዚያ በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት የተደረገ አንድ ክርክር በግልጽ ያሳያል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ተጨማሪ ጳጳሳት እንዲሾሙለት ጠየቀ፤ በፓትርያርክ ገብርኤል ኢብን ቱራይክ ዘመን ጉዳዩ እስከ ፋጢማው ኸሊፋ ደረሰ። የፓትርያርኩ መልስ ቁጥራቸው ከበዛ የራሳቸውን አለቃ ይሾማሉ፣ ከዚያም በኋላ ከእስክንድርያም ከካይሮም ቃል ይወጣሉ የሚል ነበር። ኸሊፋውም ይህን ሰምቶ ጥያቄውን ተወው። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ ያለው የኒቅያ ቀኖና ለጳጳሳት መብዛት የተደነገገ ሆኖ ሳለ፣ ለኢትዮጵያ ሲሆን ቁጥራቸው እንዳይበዛ መጠበቅ ሆነ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል። ሐሰተኛ ቀኖና አንድ መንግሥትን ለ100 ወይም ለ200 ዓመት ሊያስር ይችላል። ከግብፅ ሱልጣን ጋር በሥጦታም በዛቻም ሲደራደሩ የኖሩ ነገሥታት የነበሩባትን አገር ለ1600 ዓመት ብቻውን ማሰር ግን አይችልም። ሥርዓቱን ያቆመ ሌላ ነገር ከአገር ውስጥ መፈለግ አለበት። እኔ የማገኘው በመሬት ነው፤ ካህኑን ይመግብ የነበረው መሬት።

አቡኑ የሚሰጠው ከእጁ የሚወጣውን ነበር፤ ዲቁናና ቅስና ይሰጣል፣ ታቦት ይባርካል፣ ሜሮን ያከብራል፣ ንጉሥ ይቀባል። ያለ እርሱ እነዚህ አይደረጉም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ተሿሚዎቹ በሜዳ ላይ በረጅም ሰልፍ ይቆማሉ፤ ጥቂት አንብበው ይፈተናሉ፤ ያለፈው ሰው እንዲለይ ክንዱ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ አቡኑ ወዳሉበት ድንኳን ገብቶ እጅ ይጫንበታል። በአንድ ቀን ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ቀሳውስት ተሾሙ። ለዲቁናው ደግሞ ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት ታቅፈው መጡ፤ አልቫሬስ የልጆቹን ልቅሶ ከግልገል ጩኸት ጋር አመሳስሎታል። ይህ ለምን ይደረጋል ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ አቡኑ በጣም ማርጀታቸው፣ ከእርሳቸው በኋላም ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። አገሩ ከዚያ በፊት 23 ዓመት ያለ አቡን ቆይቶ ነበርና መልሱ ከልምድ የወጣ ነው። የተሾሙት ሰዎች ግን ተሹመው ሲመለሱ በአቡኑ ሥር አይተዳደሩም። ወደ ደብራቸው ይገባሉ፤ እዚያ አለቃና ገበዝ አለ፣ የቆመ ማኅሌትና የሰሞን መሬት አለ። መሬቱን የሰጠው ንጉሥ ወይም ባላባት ነው። አቡኑ ለራሳቸው የጉልት መሬት ቢኖራቸውም የካህኑ እንጀራ በእርሳቸው በኩል አያልፍም። ገዳማቱን የሚመሩት እጨጌውና አበምኔቶቹ ናቸው፤ አክሱምን ንቡረ እዱ ያስተዳድራል።

ለዚህ አነጋገር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆኑኝ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ናቸው። የቀዳሚት ሰንበትን በማክበራቸው ከአቡኖቹ ጋር ተጣሉ፤ ክህነትም ተከለከሉ። በሌላ አገር አንድ ወገን በጳጳሱ ተወግዞ የጳጳሱን ቤተ ክርስቲያን ካጣ ውሎ አድሮ ይከስማል። እነዚህ ግን ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት ተከሉ፣ ሕዝብ አስተማሩ፣ በመላ ሰሜኑ ተስፋፉ። አቡነ በርተሎሜዎስ መሪያቸውን አባ ፊልጶስን ሊያሳስሩ የቻሉት በንጉሡ ክንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1404 ዐፄ ዳዊት ሲፈቱት የአቡኑ ኃይል እዚያው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግፊት የተረቱት ጳጳሳቱ ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው፤ ቀዳሚት እንድትከበር ተስማምተው ለኤዎስጣቴዎሳውያንም ክህነት ሰጡ። ከዚያ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ የሆነውንም ልጨምር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ክርክር ጉባኤ ሲጠሩ አቡነ አትናቴዎስ አርፈው በአገሩ አንድም ጳጳስ አልነበረም። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ ሊቃውንቱ ተከራከሩ፣ ንጉሡ ፈረዱ። የባሕርይና የቅባት ነገር የሚወሰንበት ጉባኤ ያለ ጳጳስ መቀመጡን ያነሣ ሰው የነበረ አይመስልም፤ ሥርዓቱ ያለ ጳጳስ መንቀሳቀስን ለምዶታልና።

ነገሥታቱ ደጋግመው ብዙ ጳጳሳት ጠይቀው የለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጠይቀዋል። ጥያቄው ምን እንደነበረ ማየት ግን ተገቢ ነው፤ የፈለጉት ብዙ እጅ ነበር እንጂ አገሩን ለጳጳሳት ማካፈል አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ከፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ አራት ጳጳሳት ሲያገኙ አከፋፈሉ ይህን በደንብ ያሳያል። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀሩ፤ አቡነ ማቴዎስ ለምኒልክ ወደ ሸዋ፣ አቡነ ሉቃስ ለተክለ ሃይማኖት ወደ ጎጃም ሄዱ፤ አራተኛው አቡነ ማርቆስ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ወሰኑን ያሰመረው የንጉሦቹ ግዛት ነው፤ ጳጳሱ የተሰጠው ለአገሩ ሳይሆን ለአገሩ ገዥ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀው ምኒልክ ሲነግሡ የበላይነቱ ከአቡነ ጴጥሮስ ወደ አቡነ ማቴዎስ የተዛወረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አቡነ ማቴዎስ በ1909 ዓ.ም. መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ሲፈቱ ኃይላቸው ትልቅ ነበር፤ ምንጩ ግን ግዝትና ቡራኬ ነው፤ ሀገረ ስብከት አልነበራቸውም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የሃይማኖቱ ነው፤ ሕዝቡ የሐዋርያትን ሐረግ ማክበሩን ወደ መሬትና ወደ እንጀራ ማውረድ አይገባም የሚል። እቀበለዋለሁ። በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ከግብፅ ጳጳስ ማምጣት ይቅር ያሉ ወገኖች በቤተ መንግሥቱ ተከራክረው ሐሳባቸው አልጸናም፤ የማርቆስ መንበር ክብር እውነተኛ ክብር ነበር። በዚህ ክብር ምክንያት የተከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። አቡን ባረፈ ቁጥር ታቦት ሳይባረክ፣ ተማሪ ሳይሾም ዓመታት ያልፋሉ፤ የተሾሙትም ለሕዝባቸው በአስተርጓሚ የሚናገሩ፣ አገሩን በእርጅናቸው የሚለምዱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ አለመበተኗን ግን የሐረጉ ክብር ብቻውን አያስረዳም። በየአጥቢያው የሚቀደሰው ቅዳሴ፣ በዜማና በቅኔ ቤት የሚታነጸው ሊቅ፣ በገዳሙ የሚጻፈው ብራና፣ ሁሉም ከጳጳሱ እጅ ውጭ ባለ መሬት ይኖሩ ነበር። ጳጳሱ ሲጠፋ ክህነት ይቋረጣል፤ ኑሮው ግን አይቋረጥም። ብዙ ጳጳሳት በነበሯቸው በካርታጎና በኑቢያ ክርስትና ጠፍቶ፣ አንድ ብቻ በነበራት አገር መጽናቱን ስመለከት ይህ ልዩነት አብሮ ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ለእነዚያ ጥፋት ሌሎች ትልልቅ ምክንያቶች ቢኖሩም።

በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ካይሮ ላይ ሲሾሙ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ መጡ፤ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ጳጳስና በየአገሩ የሚቀመጥ ጳጳስ። እስክንድርያ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ አግዳ ነበር፤ የ12ኛው መቶ ዓመት ሥጋት ገና አልሞተም። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ከእነዚህ አዲስ ጳጳሳት መካከል ኢትዮጵያዊው አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በተመደቡበት በጎሬ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። አቡነ ሚካኤል ምዕራቡን ትተው መሸሽ ይችሉ ነበር፤ ከሕዝባቸው ጋር ቆዩ። በጉልበት የመጣን ገዥ አልቀበልም ብለው በተሾሙበት አገር መሞታቸው የጳጳስና የሀገረ ስብከት ትስስር በዚህ ምድር የጀመረበት ቀን ነው ብል የበዛ አይመስለኝም።

የቀረው ፈጥኖ ሄደ። በ1940 ዓ.ም. አምስት ጳጳሳት ተሾሙ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፤ ሀገረ ስብከቶቹም የጠቅላይ ግዛቶቹን ወሰን ተከተሉ። ደብሩና ገዳሙ ግን አሁንም በመሬታቸው ይኖሩ ነበር። ያ የተለወጠው በሌላ በኩል በመጣ ነገር ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ወጣ፤ ምእመኑ በአስተዋጽኦው አጥቢያውን እንዲያስተዳድር፣ ገንዘቡም በደረጃ ወደ ሀገረ ስብከቱ እንዲደርስ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ፤ የሰሞን መሬት የሚባል ነገር ቀረ። ከዚያ ወዲህ የደብር አገልጋይ ደመወዙን የሚጠብቀው ምእመኑ ከሚሰጠው ነው፤ ሂሳቡም የሚመረመረው፣ አለቃውም የሚሾመውና የሚዛወረው ጳጳሱ በሚቀመጥበት ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት ነው።