ወረርሽኝ ያጠራቀመው ጭንቀትና የአእምሮ ጤና በካፋ ዞን

ቦንጋ - በወረርሽኝ ወቅት የሚደርስ ጭንቀት በአንድ ቀን መጥቶ የሚያልፍ ድንጋጤ አይደለም። የሕመም ስጋት፣ የገቢ መቀነስ፣ የማኅበራዊ ኑሮ መስተጓጎልና የነገ ሁኔታ አለመታወቅ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የሚያሳድረው ጫና ነው። ጉዳቱም ወረርሽኙ ከበረታበት ወቅት በኋላም ሊታይ ይችላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በአብዛኛው በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ መሰባሰብንና መጨባበጥን የከለከለ ሲሆን፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም በግማሽ አቅማቸው እንዲጭኑ ተደረገ።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቦንጋና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የዚህ ክልከላ ክብደት በቁጥር ብቻ የሚለካ አይደለም። ካፋ የቡና መገኛ መሆኑ የሚነገርለት አካባቢ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠራራው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው ቡና ተፈልቶ ነው። ለቅሶ መድረስና የእድር ስብሰባም እንዲሁ የሐዘን መጽናኛ ናቸው። ባለሙያ በሚያንስበት አካባቢ ለአእምሮ ጤና የመጀመሪያው መከላከያ ይኸው መሰባሰብ ነበር። ክልከላው ከበሽታው ለመከላከል አስፈላጊ የነበረ ቢሆንም፣ ሐዘንተኛውን ያለ አስተዛዛኝ ማስቀረቱ አልቀረም።

የጭንቀቱ አሠራር በአካል ውስጥ የሚታወቅ ነው። ሰው አደጋ ሲሰማው አንጎል ከኩላሊት በላይ ለሚገኙት ዕጢዎች መልእክት በማስተላለፍ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች እንዲያመነጩ ያደርጋል። ልብ ፈጥኖ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስጋቱ ለወራት ከዘለቀ ግን ሰውነት ማረፊያ ያጣል፤ እንቅልፍ ይዛባል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የማስታወስና የማተኮር ችሎታ ይቀንሳል። ብሩስ ማክዊን እና ኤሊየት ስቴላር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የተጠራቀመ ጫና ራሱን በቻለ ስያሜ ገልጸውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በዓለም ዙሪያ 25 በመቶ ጨምሯል።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ልብ ሊባል የሚገባው ምልክቱ በሥራ ቦታ የሚታይበት መልክ ነው። ቀድሞ ትጉህ የነበረ ሠራተኛ ሲያረፍድ፣ መዝገብ ሲያሳስት፣ በጥቂቱ ሲቆጣ ወይም የራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ሲደጋገምበት ጉዳዩ በዲሲፕሊን ብቻ ይታያል። ይህ አያያዝ ችግሩን ያባብሰዋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ወረርሽኙ ገና አላበቃም ነበር፤ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ በሆነችው ቦንጋ አዲስ መሥሪያ ቤት የማደራጀቱ ሥራም በዚሁ ጫና ላይ የተደረበ ነበር።

ጫናውን ለመለካት በብዙ አገሮች የሚሠራበት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ 10 ጥያቄዎች ያጠረው ነው። ያለፈውን አንድ ወር የሚመለከት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። ከፍተኛ ነጥብ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል እንጂ በራሱ የሕመም ማረጋገጫ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ የእንቅልፍ ማጣት፣ የተስፋ መቁረጥ ወይም የሥራ ፍላጎት ማጣት ያለበት ሰው ግን ዛሬም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። በዞኑ ቅርብ የሆነው ቦንጋ የሚገኘው ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ሕክምና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና በአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይሰጣል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚናገር ሰው ሲያጋጥም ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።